ስለ ጠገራ ብር እንከንና ስለ ሰብሳቢዎች ሚዛን

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በመሥሪያ ቤት የምትውሉና ገንዘብን በወረቀትና በመዝገብ የምታውቁ ናችሁ። ነገር ግን ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼ ወይም ወደ መርሐ ቤቴ በወጣችሁ ጊዜ፥ በእናት ሙዳይ ወይም በአያት ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር ያያችሁ አትጠፉም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ብር ነው። ይኸውም ብሩ ከማተሚያ ቤት ይዞት የወጣው እንከን የትኛው ነው? በሰው እጅ ያገኘው ጉዳትስ የትኛው ነው? ሁለቱ በዋጋው ላይ የሚሠሩት ሥራ እንዴት ይለያያል? የሚለውን ለመግለጽ ነው። ይህን ሳይለዩ የአያትን ቅርስ በግራም መዝኖ መሸጥ፥ ወይም አሳምራለሁ ብሎ ፍቆ ማበላሸት ይደርሳልና ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ገንዘብን አገላብጦ አይቶ ደረጃ መስጠት ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፥ አሞሌ የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ማዕዘኑን ይመለከት ነበር። ሙሉው በሙሉ ዋጋው ሲያልፍ፥ የተሸረፈውና የተሰበረው ዋጋው ይቀንስ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 በነገሡት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ከአንኮበር በታች በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ አሞሌና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። እንግዲህ የሸዋ ሰው ዓይን ከብሩ በፊት በጨው ላይ ተፈትኖ የኖረ ዓይን ነው።

ጠገራው ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ፥ ነጋዴው ሌላ መልክና ሌላ ዓመት ያለበትን ብር አልቀበልም ስላለ፥ ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ 1780 የሚለውን ቍጥር እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሽራፊ ሲሆን፥ ከሺሕ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ‹ፍትሕና ምሕረት› የሚል ትርጉም ያላቸው የላቲን ቃላት ጐልተው ታትመዋል። እነዚህ ፊደላት ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም፤ ሌባ ጠርዙን ቢከረክም ወዲያው እንዲታወቅበት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች፥ ባላገሩ ይህን ብር እንዴት ይመረምር እንደ ነበረ በመገረም ጽፈዋል። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለው የዕንቍ ጌጥ ይቈጠራል፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ፈርጥ ዙሪያውን በዕንቍ የተከበበ ነውና የዕንቍው ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከመልኳ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፥ ‹ኤስ› እና ‹ኤፍ›፥ መጥራታቸው ይረጋገጣል። እነዚህ ፊደላት በጊዩንትስቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ከምልክቶቹ አንዱ የደበዘዘ እንደ ሆነ ሻጩ ብሩን ይመልሰዋል ወይም በጐደሎ ዋጋ ይቀበለዋል። የውጭ አገር ሰዎች ይህን እንደ ግትርነት ቈጥረውት ነበር። ነገር ግን ባንክ፣ ሚዛንና የመንግሥት መርማሪ በሌለበት ገበያ፥ የገዛ ዓይኑ ብቻ ጠባቂው የሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ሆኖም ይህ ፈተና አንድ ነገር አይለይም ነበር። ዕንቍው የጠፋው በብዙ እጅ ተዳብሶ ስላለቀ ነውን? ወይስ ከመጀመሪያውም በደንብ ስላልታተመ ነው? ሳንቲም የሚታተመው ልሙጡን የብር ክብ በሁለት የብረት ቅርጾች መካከል አድርጎ በኃይል በመጫን ነው። ጫናው ያነሰ እንደ ሆነ ብሩ ወደ ቅርጹ ጥልቅ ቦታ ሳይገባ ይቀራል። በቅርጹ ላይ ጥልቅ የሆነው በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነውና፥ ጠጕሩ፣ ዕንቍውና የንስሩ ላባ ሳይጐሉ ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ብር አንድ ቀን እንኳ በገበያ ሳይውል ያረጀ ይመስላል።

ለሚመረምር ግን መለያው አለ። በእጅ መዳበስ ያለቀው ቦታ ለስላሳ ሆኖ ቀለሙ ከአካባቢው የተለየ ነው። በጫና ማነስ የደበዘዘው ግን የልሙጡን ክብ የመጀመሪያ ሻካራ ገጽ እንደ ያዘ ይገኛል፤ በዙሪያውም ያለው የአዲስነት ወዝ አልጠፋም። እንዲሁም የማተሚያው ቅርጽ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ ብሩ ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መሥመር ይታያል። በቢላዋ ወይም በድንጋይ የተጫረው ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለው መሥመር ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤት፥ የጐደጐደው ደግሞ የሰው እጅ ሥራ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ በቀድሞ ዘመን ሠራተኞች ክብደቱ የበዛውን ልሙጥ ክብ ከመታተሙ በፊት በሞረድ ይፍቁት ስለ ነበር፥ የሞረዱ ጭረት የጐደጐደ ቢሆንም እንከኑ የማተሚያ ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎች ሚዛን እንመለስ። ዊልያም ሼልደን የተባሉ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. የአገራቸውን ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቍጥር መመደብ ጀመሩ፤ በኋላም ይኸው ሚዛን ለሌላው ሳንቲም ሁሉ ተስፋፋ። ከ60 በላይ የሚሰጠው በገበያ ላልዋለው ነው። ደረጃው በዋናው የሚለካው ሳንቲሙ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ወዲህ የደረሰበትን ማለቅ ነው። ደካማ አተም ያለበት፥ ያላለቀ ቢሆንም፥ ከፍተኛውን ቍጥር አያገኝም፤ ሆኖም ካለቀው ጋራ እኩል አይቈጠርም። ከመካከሉ ርቆ የታተመ ወይም ሁለት ጊዜ የተመታ እንደ ሆነ ግን እንከኑ በስሙ ተጽፎ ይመዘገባል፤ ብርቅ ስለ ሆነም ብዙ ጊዜ ዋጋው ከደኅናው ይበልጣል። የተበሳው፣ የተበየደውና የተፋቀው ግን ጉዳቱ ተጽፎበት፥ ብዙውን ጊዜ ቍጥር ሳያገኝ ይቀራል።

እዚህ ላይ የአባቶቻችን ዓይንና የሰብሳቢው ዓይን እንዴት እንደሚለያዩ ልብ በሉ። ባላገሩ የሚፈልገው አንዱ ብር ከሌላው ጋራ አንድ ዓይነት መሆኑን ነው፤ ልዩነት ለእርሱ የማታለል ምልክት ነው። ሰብሳቢው ግን የሚፈልገው ልዩነቱን ነው። ብሩ በቪየና፣ በቬኒስና በሌሎችም ከተሞች ታትሟል፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብላ ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣችበት ጊዜ በሮማ አሳትማዋለች፤ ከዚያም ለንደንና ቦምቤይ ተከትለዋል። ሁሉም 1780 ስለሚል ዓመቱ አይመሰክርም። የሚመሰክረው የዕንቍው አቀማመጥ፣ የላባው አቈራረጥና የፊደሉ ቅርጽ ነው። በአንድ ጕልቻ ዳር የተቀበረው ብር በሰላማዊ ነጋዴ እጅ የገባ ይሁን ወይም በወራሪ ጦር ደመወዝ የመጣ፥ ፍንጩ ያለው በዚያች ጥቃቅን ልዩነት ውስጥ ነው።

የራሳችን ገንዘብም ይህንኑ ያስተምራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ መሠረት በፓሪስ የታተመው ብር፥ ሕዝቡ እንዲቀበለው ተብሎ ከጠገራው ጋራ በክብደት የተስተካከለ ነበር፤ ከሺሕ እጅም 835ቱ ጥሩ ብር ነው። በ1887 ዓ.ም. በታተመው ብርና በኋላ በታተመው መካከል አንበሳው የሚያነሣው የፊት እግር ተለዋውጧል። ይህ የቅርጽ ለውጥ እንጂ እንከን አይደለም። እንዲሁም 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት የመዳብ 25 ሳንቲም በመጀመሪያ ጠርዙ ደኅና ክብ ነበር። አታላዮች በብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ስም ስላሳለፉት፥ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲሸነሸን ተደረገ። ይህን ያላወቀ ሰው የተሸነሸነውን ‹ሌባ የከረከመው› ብሎ ይጥለዋል።

የተከበራችሁ አንባቢያን፤ በደጋው አገር ብዙው ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል፤ ብዙውም ተበስቶ በሙሽራ አንገት ላይ ውሏል። በሰብሳቢው ሚዛን ቀዳዳው ጉድለት ነው፤ በቤተ ሰብ ታሪክ ዘንድ ግን የጋብቻ ምስክር ነው። ስለዚህ የተበሳውን ንቃችሁ አትጣሉ፤ ያልተበሳውን ደግሞ አዲስ ቀዳዳ አታውጡበት። ብሩን በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሎሚ አትፈትጉት፤ ያ ጥቍረት የዕድሜ ልብስ ነውና አንድ ጊዜ ከተገፈፈ አይመለስም። ስትይዙት ጠርዙን ያዙ፤ ከመሸጣችሁም በፊት ዕንቍውን ቍጠሩ፣ ፊደሉን አንብቡ፣ መሥመሩ ከፍ ያለ ወይም የጐደጐደ መሆኑን መርምሩ። ከሁሉም ይልቅ ብሩ የማን እንደ ነበረና በምን ምክንያት ወደ ቤት እንደ ገባ የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በጽሑፍ አኑሩ። ይህን ዓይነቱን ማስረጃ በማጕያ መነጽር የሚመለከት መርማሪ ከብሩ ላይ ሊያነበው አይችልም።