ርካሽ የበዓል ዕቃና ታሪኩ

በያመቱ ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ በዓል ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ጅራፉ ከልጥ ወይም ከቃጫ የተገመደ ስለ ሆነ ዋጋ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ያ ሁሉ ጅራፍ የት ይገባል? ከፊሉ የፍየል ማሰሪያ ይሆናል፥ ከፊሉም ተበጣጥሶ ከአጥር ሥር ይቀራል። ችቦው ነዶ አመድ ሆኗል። የእንቍጣጣሽ ሥዕልም ሳምንት ሳይሞላው ለእሳት ማያያዣ ይውላል። እኛም ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ያቀረብነው ይህ ጽሑፍ ስለነዚሁ ስለሚጣሉት ነገሮች ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር መሰብሰብ የሥራ ፈት ተግባር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በሌላው ዓለም የሆነውን ብንመለከት ግን አስተያየቱ ይለወጣል። አየርላንዳውያንና ስኮትላንዳውያን በጥቅምት መጨረሻ ሃሎዊን የሚሉትን በዓል ሲያከብሩ፥ ከመሬት የሚቈፈር ሥራ ሥር ቦርቡረው ዓይንና አፍ ያወጡለትና በውስጡ መብራት ያኖሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ በተሰደዱ ጊዜ በዚያ የሚበቅለውን ትልቁን ዱባ አገኙ፤ ለመቦርቦርም የቀለለ ሆነላቸው። ከዚያም ነጋዴ ገባበት። በማሳቹሴትስ የሚገኘው የዴኒሰን ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1909 ቤትን በባለ ቀለም ወረቀት ለበዓሉ ማስጌጥን የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የወረቀት ድመት፥ የወረቀት ጠንቋይ፥ የወረቀት አጽም በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ርካሽ ስለ ነበረ ሁሉም ጣለው፤ ሁሉም ስለ ጣለው የተረፈው ዛሬ እጅግ ተወዶ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ይሸጣል።

የእኛንስ አገር ማን ሰበሰበ? መልሱ ትንሽ ያሳፍራል። ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ በ1928 እና በ1929 (በፈረንጆች) በራስ ኃይሉ ዘመን ወደ ጎጃም መጥቶ ነበር። ኋላም ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ጅቡቲ የሚደርሰውን የጥናት ጓድ እየመራ በ1932 ጎንደር ገባና ብዙ ወራት ተቀመጠ። ጓዱ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በ1931 ለዕቃ ሰብሳቢዎች የሚሆን መመሪያ በፓሪስ ታትሞ ነበር። በዚያ መመሪያ አንድ የሚያስገርም አሳብ እናገኛለን፤ ይኸውም ከብዙ ዋጋ ጌጥ ይልቅ ባዶ ቈርቈሮ የአንድን ሕዝብ ኑሮ አጉልቶ ያሳያል የሚል ነው። ግሪዮል በ1933 ስለ ኢትዮጵያውያን ሥዕሎችና በግድግዳ ላይ ስለሚጫሩ ምስሎች፥ በ1935 ደግሞ ስለ ጨዋታዎቻችን መጽሐፍ አወጣ። የእኛ አያቶች ልጆች ሳሉ የተጫወቱትን ጨዋታ ዛሬ ለማጥናት የሚሻ ሰው ፈረንሳይኛ መማር አለበት ማለት ነው!

ያው ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የቈዩትን ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው አዲስ ሥዕል አኑሮ ወደ ፓሪስ ወስዷል። በዚህ ነገር በክፍላችን ብዙ ተከራከርን። ሥዕሎቹ መወሰዳቸው ያስቈጫል፤ በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ስለ ጨዋታው መጽሐፍ ግን ከፊላችን «እሱ ባይጽፈው ማን ይጽፈው ነበር?» ስንል፥ ከፊላችን «ቢቸግረን እንኳ ከእናቶቻችን እንጠይቀው ነበር» አልን። ክርክሩ አልተቈረጠም። በአገራችንም በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሥር ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የደከሙበት ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ ይገኛል።

በአዊ የሚጠበቅ ዕቃ የለም ማለታችን አይደለም። ለዓድዋና ለአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ እንዲሆን የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በያመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ ያጌጠውን ኮርቻ፥ ግላሱን፥ ልጓሙን የማያደንቅ የለም። እነዚህ ውድ ስለ ሆኑ በጥንቃቄ ተሰቅለው ይቀመጣሉ። በሜዳው ዳር ግን ሌላ ፈረሰኛ አለ፤ እሱም በቀርከሃ ላይ ተቀምጦ አቧራ የሚያስነሣው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የዚህን ፈረስ ዕቃ የሚሰቅልለት አልተገኘም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው የእንቍጣጣሽ ሥዕል ሆኖ አገኘነው። ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ በልጆች እጅ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያለ ሥዕል በየቤቱ ሊዞር እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ልማዱ ትምህርት ቤትን ተከትሎ እንደ ተስፋፋ እንገምታለን። መልአኩ በእርሳስ ከተሣለ አንድ ዘመን ነው፤ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ክንፉ ብቻ በእጅ ከተቀባ ሌላ ዘመን ነው፤ ታትሞ ከሱቅ ከተገዛ ደግሞ ሌላ። ቀን ያልተጻፈበት ሥዕል እንኳ ወረቀቱን ገልብጦ ላየ ሰው ዕድሜውን ይነግራል። አንዳንዱ ከደብተር የተገነጠለ ሲሆን በጀርባው የሒሳብ ልምምድ ይታይበታል (መልሱም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው)።

እስካሁን ያከማቸነው በአንዲት ካርቶን የሚገባ ነው፤ ሦስት ጅራፍ፥ አንድ የገና ዱላ ከነሩሩ፥ ቀይ የክር ዘርፍ የታሰረለት የቀርከሃ ፈረስ፥ ዐሥራ አንድ የእንቍጣጣሽ ሥዕል። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሚባል፥ ከምን እንደ ተሠራ፥ በየትኛው ቀበሌና በየትኛው ዓመት እንደ ተገኘ በትንሽ ወረቀት ጽፈን አስረንበታል። አገውኛ የሚናገሩ ወላጆች ዕቃውን በቋንቋቸው ምን እንደሚሉት ቢነግሩን በዚያው ወረቀት ላይ እንጨምረዋለን። የቈየ ሥዕል በሣጥን ውስጥ ያለው ቤተ ሰብም ቢኖር በልጁ እጅ ቢልክልን በደስታ እንቀበላለን፤ ከቀዳነው በኋላም እንመልሳለን።