የእምኩሉ ልጆችና የመጀመሪያዋ የኦሮምኛ ማንበቢያ

ስለ ሀገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከቤተ መንግሥትና ከገዳም ነው። ዜና መዋዕል የጻፈው የንጉሥ ጸሐፊ፣ ገድል የቀዳው መነኩሴ፣ ቅኔ የዘረፈው ደብተራ ይታወሳሉ፤ መታወሳቸውም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ላወጋችሁ የፈለግሁት ከቤተ መንግሥትም ከገዳምም ስላልወጣች አንዲት መጽሐፍ ነው። መጽሐፏ የወጣችው ከባርነት የተረፉ ልጆች ከተጠለሉበት ቤት ነው። ስሟ «ጀልቀበ በርሲሳ» ይባላል፤ «የትምህርት መጀመሪያ» እንደ ማለት ነው። የታተመችው ምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ፣ በ1894 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በ1866 የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን ምጽዋ ወደብ ላይ ወረዱ። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፤ መንገዱ ግን ዝግ ሆነባቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዐመፅ ተከበው የመጨረሻ ዓመታታቸውን የሚገፉበት ዘመን ነበር፤ የባሕሩ ዳርቻም በግብፅ እጅ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ወደ ኩናማ ምድር ገብተው ቢሞክሩም ወባው ጨረሳቸው፤ ከመካከላቸው የተገደሉም ነበሩ። የተረፉት ወደ ምጽዋ ተመለሱ። የፈለጉት ሕዝብ ዘንድ መድረስ ያልቻሉት እነዚህ ሰዎች እዚያው ወደቡ ላይ እንደተቀመጡ፣ የዚያ ሕዝብ ልጆች በሰንሰለት እየተጎተቱ መጡላቸው። ምጽዋ ባሪያ ወደ ዐረብ ምድር የሚሻገርባት በር ነበረችና።

እንግዲህ በእምኩሉ የነበረውን ኑሮ አስቡት። ቤንት ፔተር ሉንዳል የሚባሉት ሚሲዮናዊና ባለቤታቸው፣ ከነሱም ጋር የነበሩ ጥቂት ስዊድናውያን፣ የራሳቸው ቋንቋ በማይነገርበት፣ ሙቀቱ በሚያቃጥል ምድር ላይ የወንድ ልጆችና የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሚሲዮናዊው አባት፣ ባለቤቱ እናት፣ የቤቱ ጣሪያ የሁሉም ጣሪያ ሆነ። ከደጅ ግን ዘመኑ አልተረጋጋም። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጋ። በ1885 ጣልያን ምጽዋን ያዘ። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ደመሰሱ፤ ዶጋሊ ደግሞ ከእምኩሉ ሩቅ አይደለችም። ከዚያም ከ1888 ጀምሮ ሀገሪቱን ያመነመነው ክፉ ቀን መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቹ በየማለዳው ተነሥተው ፊደል ይቆጥሩ ነበር።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ሂካ ይባላል። የተወለደው በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ነው። አራት ዓመት ሲሞላው አባቱ ሞተበት። በኋላ ራሱ ለማኅበሩ በጻፈው ታሪክ እንደተረከው፣ በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ምጽዋ እስኪደርስም ስምንት ጌቶች ተቀባበሉት። እዚያም ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነጻ አውጥቶ ለትምህርት ቤቱ ሰጠው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ስለሱ ለፊልሞና የማለደለት ባሪያ ስም ነው። ቤቱ ያወጣለት ስም ትርጉም ያለው ነው፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ግን ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ቋጠሮን መፍታትም ቃልን መፍታትም በአማርኛችን አንድ ግስ እንደ ሆነ ሁሉ በኦሮምኛም እንዲሁ ነው። ልጁ ስሙ ተለወጠ፤ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው ግን የመጀመሪያ ስሙን ሥራ እየሠራ ነው።

እስካሁን «እሱ» እያልኩ የጻፍኩት ልጅ ስለነበረ ነው፤ ከዚህ ወዲያ «እሳቸው» ልበል። ኦነሲሞስ በ1876 ወደ ስዊድን ተልከው፣ በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው ተመለሱ። ምጽዋ ላይ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። የባሪያ ገበያ ሸቀጥ የነበረ ሰው እንግዲህ ራሱ የሚሲዮናዊ ቤተሰብ ራስ ሆነ። ወዲያውም በ1881 በሱዳን በኩል ዞሮ ወለጋ ለመግባት ከተነሣው ጓድ ጋር ሄዱ። አሶሳ ድረስ ዘልቀው ከዚያ ማለፍ አልተቻለም። ፋማካ ሲመለሱ ኦነሲሞስ በንዳድ ታመው ወደ ካርቱም ተወሰዱ። በ1882 ከዚያ ሲወጡ የመሐዲ ዐመፅ ሱዳንን መዝጋት ጀምሮ ነበር። ሌላ ጊዜም በሸዋ በኩል ሞክረው በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ ወደ ወለጋ ማለፍ ግን አልተፈቀደላቸውም። እንደገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ሀገር መግባት ሲከለከሉ የሀገራቸውን ቋንቋ ያዙ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ተቀመጡ። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው፤ ቋንቋ የሚወድ ሰው ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ችግር ነው። ልጅ ሆኖ የተሰረቀ ሰው ከእናቱ ቤት ይዞ የሚወጣው የልጅ ቋንቋ ነው። ውኃ፣ እሳት፣ ላም፣ እናት የሚሉትን ያውቃል። ሽማግሌ በሸንጎ ሲከራከር የሚናገረውን፣ አራስ ስትጠየቅ የሚመረቀውን፣ በለቅሶ የሚወርደውን ቃል ለመስማት ዕድሜው አልደረሰም። ኦነሲሞስ ስዊድን ሀገር ትምህርት ተምረዋል፤ በራሳቸው ቋንቋ ግን ቃል አጠራቸው።

መልሱ የመጣው ከባሕር ነው። በ1886 የጣልያን መርከቦች ሰዎችን ለሽያጭ ወደ ዐረብ ምድር የምታሻግር ጀልባ ያዙ። ከተለቀቁት መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች፤ በግምት ከ1872 አካባቢ የተወለደች፣ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ ባርነትን የቀመሰች። እምኩሉ ገብታ ተማረች። ኦነሲሞስ የልጅቱን የአእምሮ ብርታትና በተለይም ለኦሮምኛ ያላትን ጆሮ አስተዋሉ። የመዝገበ ቃላት ሥራ ተሰጣት። የሰበሰበችው ቃል በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ዋለ። ከዚያም አልፋ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች። «ጀልቀበ በርሲሳ» የተሞላችው በአብዛኛው በነዚህ ነው። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በሁለቱ ድካም ተጠናቆ በ1899 ስዊስ ሀገር፣ ቅድስት ክሪሾና ላይ ታተመ፤ ፊደሉም የግእዝ ፊደል ነው።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እነዚያ ሚሲዮናውያን ልጆቹን የሰበሰቡት ለወንጌል ነው፤ ይህንንም አልደበቁም። የሰጧቸውም እንጀራ፣ ልብስ፣ ፊደልና እምነት ነው። አስቴር በወረቀት ላይ ያሰፈረችውን ግን ቤቱ አልሰጣትም። እንቆቅልሹና ተረቱ ከስዊድን አልመጡም። ባሪያ ፈንጋዩ ከብቷን፣ ዘመዷን፣ መንደሯን ሲቀማት ያላየው፣ ስምንትም ሆነ ሃያ ጌታ ቢቀባበለው ዋጋ ያልተቆረጠለት ንብረት ነው። የቤቱ ታላቅ ሥራ ለዚህ ንብረት ወረቀትና ማተሚያ ማቅረቡ ነው። «ይህ የአረማውያን ወሬ ነው» ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር፤ ግን ለልጆች ማንበቢያ ሆነ።

ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን የሚያሳየን የሌላ ልጅ ዕጣ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1868፣ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ተወስዶ፣ ከምጽዋ ብዙ በማይርቀው የዙላ ባሕረ ሰላጤ በመርከብ ወጣ። ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተውበታል። እንግሊዝ ሀገር የጭካኔ እጅ አልጠበቀውም፤ ካፒቴን ስፒዲ የተባሉት አሳዳጊው ከነባለቤታቸው ወደዱት፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አሰቡለት። ነገር ግን በቋንቋው የሚያጫውተው እኩያ አልነበረውም። የእናቱን ቋንቋ እንደ ረሳ ይነገራል። በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ ሞተ።

የንጉሥ ልጅና የባሪያ ልጅ፤ ሁለቱም ወላጅ አልባ፣ ሁለቱም በባዕድ እጅ ያደጉ፣ ሁለቱም በደግ ሰዎች የታዘነላቸው። ልዩነቱን ያመጣው የአሳዳጊዎቹ ደግነት ማነስና መብዛት አይመስለኝም። እምኩሉ ላይ አስቴር ኦሮምኛ ስትናገር የሚመልስላት ሰው ነበረ። አንዱ ልጅ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል፤ እንቆቅልሽ ሲሉት «ምን አውቅልህ» የሚል ጓደኛ አለ። ዓለማየሁን ግን «ምን አውቅልህ» የሚለው አልነበረም። በእኔ ግምት ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ ከማብላትና ከማልበስ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ለልጁ በእናቱ ቃል የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።

የእምኩሉም ቤት ቢሆን ሁሉ የተሟላለት አልነበረም። ልጆቹ ነጻ ወጡ እንጂ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ኦነሲሞስ ከተሰረቁ በኋላ የወለጋን መሬት ለመርገጥ 35 ዓመት ገደማ ጠብቀዋል። ከሳቸው በፊት መንገዱን የጠረጉት ሌሎች የዚያው ማኅበር ልጆች ናቸው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል፣ ባለቤታቸው ጉመሽ ወልደ ሚካኤልና ዳንኤል የሚባሉ ነጻ የወጡ ኦሮሞ በ1898 ወደ ቦጂ ጉዞ ጀመሩ። ጉመሽ የሐማሴኑ የራስ ወልደ ሚካኤል ልጅ ናቸው፤ ከመሳፍንት ቤት ወጥተው ሩቅ ሀገር የሚሲዮናዊ ሚስት ሆነው መኖርን መረጡ። ባለቤታቸውን በ1905 የቃጠሎ አደጋ ነጠቃቸው። የዚህ ዓይነት ቤተሰብ ለሥራው የከፈለው ዋጋ በመጻሕፍት ሽፋን ላይ አይጻፍም።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ጋር ሆነው ወለጋ ገቡ። ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሏቸው። አስቴር መምህርት ሆነች፤ ከእምኩሉ ይዛው የመጣችው ማንበቢያም ቃሎቹ ወደተወለዱበት ምድር ተመለሰ። ሰላሙ ግን አልዘለቀም። በ1906 ኦነሲሞስ ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ግዞትም ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ነቀምቴ እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው፤ ማስተማሩ ግን ታገደ። በነጻነት እንዲሰብኩ የተፈቀደላቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1916 ነው። በሰኔ 1931 ዐረፉ። ወይዘሮ አስቴር ግን ጣልያን ገብቶ ሲወጣ አይተው እስከ 1964 ኖሩ።

አሁን የሚቆረቁረኝን ልናገር። መጽሐፍ ቅዱሱም ማንበቢያውም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት በኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው። የኦነሲሞስን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ ያለሳቸው ጽናት ሥራው አይጀመርም ነበር። ነገር ግን የጎደላቸውን ቃል የሞላችላቸው አንዲት ከጀልባ የወረደች ልጅ ናት። ከቃል ወደ ጽሑፍ የተሻገረው የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጻፍ አስቴር ጋኖን በግርጌ ማስታወሻ ማለፍ፣ አንድ ጊዜ በባሪያ ፈንጋይ የተወሰደውን ስም ሁለተኛ ጊዜ በቸልታ መውሰድ ይሆናል።

ሀገር ሲታወክ ትልልቆቹ ስለ ዙፋንና ስለ ድንበር ይከራከራሉ፤ ታሪክ ጸሐፊውም እነሱን ይከተላል። በ1887 እምኩሉ አጠገብ የነጎደውን መድፍ ሁላችን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። መድፉ ሲነጉድ ፊደል ይቆጥሩ የነበሩትን ልጆች ግን ያስተማረን የለም። ከመድፉ የቀረ ዝገት ነው፤ ከልጆቹ የቀረው ግን አሁንም የሚነበብ እንቆቅልሽና ተረት ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ነን የምንል ሁሉ የትኛውን አስቀድመን ማስታወስ እንዳለብን ለናንተ መንገር አያሻኝም።

ቸር ይግጠመን።