የ1916ቱ ጉዞ፦ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በአውሮፓና የባሕር በር ጥያቄ

የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ የኖሩት በደብዳቤና በመልእክተኛ ነበር። ንጉሡ አገር ለቆ ቢወጣ ለሸፋችና ለሥልጣን ተሻሚ በር ይከፈታል የሚለው ስጋት ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ዐፄ ምኒልክ እንኳ ከዐድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ልዑካናቸውን ወደ አዲስ አበባ ሲያጎርፉ ባሉበት ሆነው ይቀበሉ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚፈጸመውን ጉዳይ ግን ለሚያምኗቸው መኳንንት ይሰጡ ነበር። ከእነዚህ መኳንንት ዋነኛው የሐረርጌው ገዢ ራስ መኮንን ሲሆኑ፣ በ1881 ከውጫሌ ውል በኋላ ወደ ጣሊያን፣ በ1894 ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተልከዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ በ1916 ያደረጉት ጉዞ ከዚህ ሁሉ የሚለየው፣ የመንግሥቱን ሥራ የሚያካሂደው ሰው ራሱ ከአውሮፓ መሪዎች ፊት ቀርቦ የአገሩን ጉዳይ በአፉ የተናገረበት በመሆኑ ነው።

ተፈሪ መኮንን በዚያን ጊዜ ገና ንጉሥ አልነበሩም። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ንግሥተ ነገሥታትነቱ ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱና እንደራሴነቱ ለተፈሪ ተሰጠ፤ እንደራሴ ማለት በዙፋኑ ባለቤት ስም የመንግሥቱን ሥራ የሚያከናውን ሹም ነው። ይህ የሥልጣን ክፍፍል በግልጽ ያልተሰመረ በመሆኑ፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ነባሩን ሥርዓት የሚደግፉ መኳንንት በንግሥቲቱ ዙሪያ ተሰልፈው ሳለ ዋና ከተማውን ለወራት ትቶ መሄድ ከፍ ያለ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ተፈሪም የጎጃሙን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትንና የትግራዩን ራስ ሥዩም መንገሻን አስከትለው መሄዳቸው ሁለት ፋይዳ ነበረው፤ በአንድ በኩል የአገሪቱ ታላላቅ ግዛቶች በልዑካኑ ውስጥ እንዲታዩ አደረገ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የራሳቸው ሠራዊትና የዘር ሐረግ ያላቸው ሁለት ኃያላን ልዑሉ በሌሉበት አገር ቤት እንዳይቀሩ አደረገ። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት እንደነበረው መገመት አያዳግትም። ከእነርሱ ሌላ ሙሉጌታ ይገዙ፣ መኮንን እንዳልካቸውና የውጭ ጉዳይን በቅርብ የሚያውቁት ጸሐፊው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከተጓዦቹ መካከል ነበሩ።

ጊዜው የተመረጠው በአጋጣሚ አልነበረም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ገብታለች፤ የመንግሥታት ማኅበር ማለት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አለመግባባቶችን በሸንጎ ለመፍታት የተቋቋመው፣ ለዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መንገድ የጠረገው ጉባኤ ነው። አባልነቱ የተገኘው የባሪያ ንግድን ለማጥፋትና የጦር መሣሪያ ንግድን ለመቆጣጠር ቃል ከተገባ በኋላ ሲሆን፣ ልዑሉ ለጉዞው ከመነሣታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በመጋቢት ወር ስለ ባሮች ነፃ መውጣት የሚደነግገው አዋጅ ወጣ። አዋጁ ባርነትን ባንድ ጊዜ አላጠፋውም፤ ይሁን እንጂ በየከተማው ስለዚሁ ጉዳይ መጠየቃቸው የማይቀር በመሆኑ መልሱን በእጃቸው ይዘው ሄዱ።

የጉዞው ዋና ጉዳይ ግን የባሕር በር ነበር። የጂቡቲ ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው በዚያ አንድ መስመር ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ መስመሩ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ወደቡም የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት በመሆኑ ጨው ሆነ ጠመንጃ፣ መኪና ሆነ ማተሚያ መሣሪያ ያለ ፓሪስ ፈቃድ አያልፍም ነበር። ኤርትራና አሰብ በጣሊያን፣ ዘይላና በርበራ በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ሦስቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 1899 የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል፣ የኢትዮጵያን ነፃነት እንደሚያከብር በቃል እየገለጸ፣ በተግባር ግን ለእያንዳንዳቸው በአገሪቱ ውስጥ የጥቅም ክልል የሚያካፍል፣ ባለቤቷንም ሳያማክር የተጻፈ ሰነድ ነበር። ስለዚህ ልዑሉ በሦስቱም ደጅ የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ኢትዮጵያ ዕቃዋን ያለ ቀረጥና ያለ ሌላ ሰው ፈቃድ የምታስገባበትና የምታስወጣበት ቦታ፣ ማለትም ነፃ ወደብ፣ ይሰጣት የሚል ነው።

ልዑካኑ ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በጂቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ በትንሣኤም ሰሞን ኢየሩሳሌም ደረሱ። በዚያም የዴር ሱልጣን ጉዳይ ይጠብቃቸው ነበር። ዴር ሱልጣን ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ገዳም ሲሆን፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት በጠባብ ጎጆዎች ተጠግተው የሚኖሩበት፣ በይዞታው ላይም ከግብጽ ቅብጦች ጋር ለረጅም ዘመን የተከራከሩበት ስፍራ ነው። ክርክሩ በዚያ ጉብኝት መፍትሔ አላገኘም። በዚያችው ከተማ በአርመን ገዳም የገጠማቸው ነገር ግን ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። በቱርክ ምድር ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ አርመናውያን ልጆች በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ እየተጫወቱ ሲቀበሏቸው ልዑሉ እጅግ ተነኩ፤ ከአርመኑ ፓትርያርክም ፈቃድ ጠይቀው አርባውን በኢትዮጵያ መንግሥት ወጪ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ‹‹አርባ ልጆች›› በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር በ1916 መጨረሻ ደርሰው የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ናልባንድያን ዜማውን የደረሰውና ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈው መዝሙርም እስከ 1966 አብዮት ድረስ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ። የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ በኢትዮጵያ ሲነሣ ይህ ምዕራፍ ሊዘለል አይችልም፤ ለባሕር በር የተነሣ ጉዞ ለሙዚቃ ይህን ያህል ማትረፉም ሊደነቅ የሚገባው ነው።

ከኢየሩሳሌም በኋላ ልዑካኑ በግብጽ አድርገው በግንቦት ወር መጀመሪያ ፓሪስ ገቡ። አቀባበሉ ደማቅ ቢሆንም ወቅቱ ምቹ አልነበረም። ልዑሉ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በተደረገው ምርጫ የጠቅላይ ሚኒስትር ፖዋንካሬ ወገን ተሸንፎ ስለነበር፣ ንግግሩን የጀመረው መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ወረደ፤ ፕሬዚዳንት ሚልራንም በሰኔ ወር መግቢያ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጂቡቲን ያህል ጉዳይ የሚቆርጥ ባለሥልጣን ማግኘት የሚቻል ባለመሆኑ ጥያቄው ያለ ውሳኔ ተንጠለጠለ። እርግጥ ነው፣ መንግሥቱ ባይለወጥም እንኳ ፈረንሳይ ከባቡሩና ከወደቡ የምታገኘውን ብቸኛ ጥቅም በቀላሉ ታካፍላለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይሆን ነበር።

ሮም ሲደርሱ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። የጣሊያን ተቃዋሚ የምክር ቤት አባል ማቴዮቲ በፋሺስቶች የተገደለው በዚያው ሰሞን በመሆኑ ሙሶሊኒ በሥልጣን ዘመኑ ከገጠሙት ፈተናዎች ከባዱ ውስጥ ነበር፤ ሆኖም ከሦስቱ መንግሥታት መካከል በአሰብ ቦታ ስለ መስጠት ረቂቅ ይዞ የቀረበው እርሱ ሆነ። በረቂቁ የተጨመሩት ሁኔታዎች ግን ለኢትዮጵያ የሚጎዱ ሆነው ስለተገኙ ልዑሉ ሳይፈርሙ ቀሩ። የጉዞው ታላቁ ሥራ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ ባለመስማማቱ ለጠብ ምክንያት ከሆነው ከውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ የተገኘው ትምህርት ገና ከሕያዋን አእምሮ አልጠፋምና፣ ለብዙ ዘመን የተመኙትን ነገር የሚያቀርብን ወረቀት ገፍቶ ባዶ እጅን መመለስ ከመፈረም የበለጠ ጥንካሬን ይጠይቅ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ለንደን ሲገቡ በሥልጣን ላይ የነበረው የራምሴ ማክዶናልድ የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት ነበር። እንግሊዝ በዋናነት የምትፈልገው የጣናን ውሃ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 በተፈራረሙት ውል የዓባይን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንደማይሠራ ቃል ስለገቡ፣ ለንደን በሐይቁ መውጫ ግድብ ለመሥራት ፈቃድ ለማግኘት ለዓመታት ስትወተውት ቆይታለች። ልዑሉ ይህን አልሰጡም፤ እንግሊዝም የባሕር በር አልሰጠችም። በምትኩ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጣቸው፤ በ1860 ከመቅደላ ከተዘረፉት የዐፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች መካከል አንደኛው ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲመለስም ተደረገ። የተመለሰው ከሁለቱ ዘውዶች በዋጋ ያነሰው ሲሆን፣ የወርቁ ዘውድ ዛሬም በለንደን ሙዚየም መኖሩ የሚያስቆጭ ነው።

የአውሮፓ ጋዜጦች ግን ከወደቡ ይልቅ የመኳንንቱን ካባና ለመሪዎች በስጦታ የተወሰዱትን አንበሶች ያወሩ ነበር። ይህ የጉዞውን ቁም ነገር በሸፈነበት ልክ፣ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተጻፈው የኅሩይ ወልደ ሥላሴ ‹‹ደስታና ክብር›› የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነው፤ ጉዞውን ከውስጥ ሆኖ፣ በተጓዦቹ ዓይን ያሳያልና።

ቅኝ ግዛት በአጠገብ ያልነበራቸው አገሮች ያደረጉት አቀባበል በረጅም ጊዜ የተሻለ ፍሬ ሰጠ። ቤልጅግና ስዊድን ከኢትዮጵያ መሬት የሚፈልጉት ነገር አልነበረምና ወዳጅነታቸው ያለ ስጋት ሊያዝ የሚችል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክብር ዘበኛን የሚያሠለጥኑ መኮንኖች ከቤልጅግ፣ የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት የሚመሩ ደግሞ ከስዊድን ሲመጡ በ1916 የተጀመረው ትውውቅ ሥራ ላይ ዋለ። ልዑሉ ግሪክን ጎብኝተው በነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በሚያዝያ ወር በስማቸው የተጠራው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ጉዞው ከምንም ይልቅ ያስተማረው ሦስቱ መንግሥታት ለየብቻቸው ሲለመኑ እርስ በርስ እንደሚመካከሩ ነበር። በታኅሣሥ 1918 እንግሊዝና ጣሊያን፣ እንግሊዝ ለጣና ግድብ ጣሊያንም ኢትዮጵያን አቋርጦ ለሚያልፍ የባቡር ሐዲድ እንዲደጋገፉ የሚል ደብዳቤ ተለዋወጡ። ተፈሪ በዚህ ጊዜ ወደ ለንደንም ወደ ሮምም መልእክተኛ አልላኩም፤ ጉዳዩን በቀጥታ ለመንግሥታት ማኅበር በአቤቱታ አቀረቡት፤ ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ አልነበረንም ብለው በዓለም ፊት ለማስተባበል ተገደዱ። የጣናን ግድብ ሥራ በሚመለከትም ሐኪም ወርቅነህ በ1920 ወደ አሜሪካ ተልከው፣ በአካባቢው ቅኝ ግዛት ከሌለው አገር ኩባንያ ጋር ንግግር ከፈቱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከጣሊያን ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈረም በአሰብ ለ130 ዓመት የሚቆይ ነፃ ቦታና ከአሰብ እስከ ደሴ የሚዘረጋ የመኪና መንገድ በስምምነቱ ገባ። ሆኖም መንገዱ በማን ይሠራ የሚለው ክርክር ሳያልቅ በመስከረም 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።