ንጉሥ በተከሰሰ ጊዜ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል በአገራችን። የመጨረሻው ዳኛ ንጉሡ ራሱ ከሆነ እሱን ከስሶ ማን ፊት ይቆማል? በ1776 ጁን ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው የነበሩት በአሜሪካ ያሉ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እንደራሴዎች የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ክሱን፣ ማለትም የነፃነት አዋጁን፣ እንዲያሰናዱ አምስት ሰዎች ተመረጡ፤ ብዕሩ የደረሰው ለቶማስ ጄፈርሰን ነው። የ33 ዓመት ጎልማሳ፣ በሙያው ጠበቃ፣ በኑሮው የቨርጂንያ ባለርስት ነበር። ከአንድ ግንበኛ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ ንድፏን ራሱ አውጥቶ በከተማው አናጢ ባሠራት ጭን ላይ በምትቀመጥ ትንሽ መጻፊያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጽፍና ሲሰርዝ ከረመ። አጠገቡ ሆኖ የሚያገለግለው ሮበርት ሄሚንግስ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ባሪያው ነው።

ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ ከተጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው እየተኮሰ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ነገሩ የሚገባው ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን ላስታወሰ ነው። በ1775 ጁላይ እነዚሁ እንደራሴዎች ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የሰላም አቤቱታ ልከው ነበር። ንጉሡ አልቀበልም አለ፤ ኦገስት 23 ቀንም ሸፍተዋል ብሎ አወጀባቸው። አቤት ባይ የጌታውን ጌትነት ተቀብሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለምነው። ከሳሽ ግን ከተከሳሹ ጋር እኩል ይቆማል። ከዚህም በላይ ለሽፍታ ጦር መሣሪያ የሚሸጥ፣ ውል የሚዋዋል መንግሥት አይገኝም። ፈረንሳይ እንድታግዛቸው አስቀድመው አገር ሆነው መገኘት ነበረባቸው። ስለዚህ አዋጁ የተጻፈው ለንጉሡ አይደለም። ፍሬ ነገሩን ለማያዳላው ዓለም እናቀርባለን ነው የሚለው። የታጣው ዳኛ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመግቢያውን ቃል ነው፤ ሰዎች እኩል ሆነው ተፈጥረዋል፣ መንግሥትም ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሚተዳደሩት ሰዎች ፈቃድ ነው የሚለውን። የወረቀቱን ሰፊ ቦታ የያዘው ግን 27 ክስ ነው። የሕዝብ ምክር ቤቶችን በተነ፣ በሰላም ጊዜ ያለ ፈቃዳችን ጦር አሰፈረብን፣ ሳንስማማ ግብር ጣለብን፣ ንግዳችንን ዘጋ፣ ሰዎቻችንን ባሕር አሻግሮ ለፍርድ ሊወስድ አለ፤ እያንዳንዱ በንጉሡ ላይ እየተቆጠረ ይወርዳል። የሕግ አዋቂነቱ እዚህ ላይ ነው። የቴምብሩን ግብር በ1765 ያወጣው፣ የቦስተንን ወደብ በ1774 የዘጋው የለንደን ፓርላማ ነበር፤ በአዋጁ ውስጥ ግን ፓርላማ የሚለው ስም አንድም ቦታ አልተጻፈም። እንደራሴ ያላስገባንበት ምክር ቤት ጌታችን ሆኖ አያውቅም፣ የምንተሳሰረው ከዘውዱ ጋር ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ውሉ ከአንድ ሰው ጋር ከሆነ ያ ሰው ውሉን ማፍረሱን ማስረዳት ይበቃል።

ጄፈርሰን ሌላም ክስ ጽፎ ነበር፤ ንጉሡን በባሪያ ንግድ የሚወነጅል ረዘም ያለ አንቀጽ። ጉባኤው ሰረዘው። ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ አልፈቀዱም፤ በንግዱ የከበሩ የሰሜን ሰዎችም አልወደዱትም ብሎ ጄፈርሰን ራሱ በኋላ ጽፏል። በአዋጁ የቀረው በመካከላችን አመፅ ቀሰቀሰ የሚለው ነው። ይህም የቨርጂንያው የእንግሊዝ ገዥ ሎርድ ደንሞር በ1775 ኖቬምበር፣ ከዓመፀኞቹ ጌቶቻቸው ሸሽተው ለንጉሡ የሚዋጉ ባሪያዎች ነፃ ይወጣሉ ብሎ ማወጁን የሚነካ ነው። የነፃነት አዋጅ፣ ለባሪያ ነፃነት መስጠትን ከበደል ቆጠረው። ይህን ያነበበ ሰው ያንን የ14 ዓመት ልጅ ማሰቡ አይቀርም። ሮበርት ነፃ የወጣው በ1794፣ ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

ጁላይ 4 ጽሑፉ ጸደቀ። ጆን ደንላፕ የሚባል አታሚ በዚያው ሌሊት 200 ያህል ቅጂ አተመ። ጁላይ 9 ኒውዮርክ ላይ ለጆርጅ ዋሽንግተን ወታደሮች ሲነበብ የሰማው ሕዝብ የንጉሡን የእርሳስ ሐውልት በገመድ ጎትቶ ጣለ፤ እርሳሱም ቀልጦ ጥይት ሆነ። ፈረንሳይ ውሉን የፈረመችው በ1778 ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በብዙ እጅ ገባ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ጎናይቭ ላይ ዣን ዣክ ደሳሊን የሄይቲን ነፃነት ሲያውጅ ግን የክስ ዝርዝር አላቀረበም። የናፖሊዮን ጦር ባርነትን ሊመልስ መጥቶ የተሸነፈው ገና መንፈቅ አልሆነውም። አዋጁ ለዓለም ዳኛ ከመለማመጥ ይልቅ የተናገረው ለራሱ ሕዝብ ነው፤ በፈረንሳይ ሥር ከመኖር ሞት ይሻለናል የሚል መሐላ ነበር። ዓለምም አልሰማቸውም። በ1806 ከሄይቲ ጋር መነገድ የተከለከለበትን የአሜሪካ ሕግ ያጸደቀው ፕሬዚዳንት ያው ጄፈርሰን ነው። ፈረንሳይ በ1825 ዕውቅና የሰጠችው ባለርስቶቿ ላጡት ንብረት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጠይቃ ነው፤ ከንብረቱ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ተቆጥረውበታል። ነፃነቱን በደሙ የገዛ ሕዝብ ዳግመኛ በገንዘብ እንዲገዛ ተደረገ።

የቬትናሙ መሪ ሆ ቺ ሚን ይህን መንገድ አልመረጡም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሃኖይ ባ ዲን አደባባይ ላይ ንግግራቸውን የጀመሩት ከአሜሪካው አዋጅ ቃል ጠቅሰው ነው፤ ቀጥለውም የፈረንሳይን የሰብአዊ መብት መግለጫ አነሱ። ተከሳሹን በገዛ ቃሉ መያዝ ማለት ይህ ነው። ክሳቸውም ብርቱ ነበር፦ ከትምህርት ቤት የበዛ እስር ቤት፣ ኦፒየምና አልኮል፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የፈጀ ረሃብ። የሕግ ነጥባቸው ደግሞ ከጄፈርሰን አያንስም። ፈረንሳይ አገሪቱን ለጃፓን አሳልፋ ስለሰጠች እኛ ነፃነታችንን የወሰድነው ከጃፓን እጅ ነው፣ ፈረንሳይ የምትጠይቀው የላትም አሉ። ለፕሬዚዳንት ትሩማን የጻፏቸው ደብዳቤዎች ግን መልስ አላገኙም።

የቃሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ጎልቶ የታየው በሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1965 ሳሊስበሪ ላይ የነጮቹ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢያን ስሚዝ በእንግሊዟ ንግሥት ሥዕል ሥር ተቀምጠው የነፃነት አዋጅ ፈረሙ። አከፋፈቱ የፊላደልፊያውን ይመስላል፤ ዜማው፣ አደራደሩ፣ የክብደት አነጋገሩ ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው። የሰዎች እኩልነትና የተገዢዎች ፈቃድ የሚሉት ሁለቱ ግን የሉበትም። ሊኖሩም አይችሉም፤ አዋጁ የተጻፈው እንግሊዝ ለብዙኃኑ ሥልጣን ሳይሰጥ ነፃነት የለም በማለቷ ነበርና። ሁለት መቶ ሃያ ሺህ የሚሆኑ ነጮች አራት ሚሊዮን በሚጠጋ አፍሪካዊ ላይ ለመግዛት ነው የከሰሱት። በማግስቱ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አወገዘው፤ አንድም አገር ዕውቅና አልሰጠውም። ጄፈርሰንም ባሪያ ነበረው፣ ግን የጻፈው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሊመለስበት የሚችል ቃል ነበር። ስሚዝ ያንን ቃል አውጥተው ጣሉት።

ኢትዮጵያም በዚህ የሙግት ታሪክ ውስጥ በከሳሽነት ቆማለች። ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ በአደራ የተሰጠች እንጂ የአፓርታይድ መሬት አይደለችም የሚል ነበር ክሱ። የአገሩ ሰው ራሱ ችሎቱ ፊት መቆም አይችልም፤ ሁለቱ አፍሪካውያን መንግሥታት ግን የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ በሩ ተከፈተላቸው። ክርክሩ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጁላይ 18 ቀን 1966፣ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሲጨመር ፍርዱ ጉዳዩ እናንተን በቀጥታ አይመለከትም የሚል ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን አደራ አነሳ፤ ደቡብ አፍሪካ ግን አልወጣችም። ዊንድሆክ ላይ የናሚቢያ ባንዲራ የተሰቀለው ማርች 21 ቀን 1990፣ ክሱ ከተመሠረተ 29 ዓመት አልፎ ነው።