ጊታርም ይደረደራል

«የጣት ለቀማ» የሚባል ነገር መጥቷል። ከጅማ እስከ አጋሮ ጊታር የሚማሩ ልጆች ሲያወሩ ይሰማል፤ በመማሪያ ወረቀት ላይም ተጽፎ አይቼዋለሁ። ፒክ የሚባለው መምቻ ሳይያዝ፣ ክሮቹን በጣት ጫፍ እየነጠሉ የሚጫወቱበትን ስልት ለማለት ነው። እንግሊዝኛው «ፊንገርፒኪንግ» ስለሚለው «ፊንገር» ጣት፣ «ፒኪንግ» ለቀማ ተብሎ ተገለበጠና ቀረ። ሌሎች ከ«ፊንገርስታይል» ግማሹን ተርጉመው ግማሹን ትተው «የጣት ስታይል» ይላሉ። መጻፍ የሚወዱት ደግሞ «ጣታዊ ስልት» ብለውታል። ሦስቱም አያስፈልጉንም። አማርኛ ለዚህ ሥራ ጊታር አገራችን ሳይገባ በፊት ጀምሮ ቃል አለው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም የዚያ ቃል መዘንጋት ነው።

በመጀመሪያ «ለቀማ»ን እንየው። ጅማ ላይ ለቀማ የቡና ነው። ክረምቱ ሲያባራ በጎማም፣ በሊሙም፣ በጌራም የቀላው እሸት ቡና ከቅርንጫፉ እየተመረጠ ቅርጫት ይገባል። «ለቀማ ደረሰ» ሲባል «የምን ለቀማ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልቀም አንድን ነገር ካለበት አንሥቶ መውሰድ ነው፤ ቡና ይለቀማል፣ ጭራሮ ይለቀማል፣ ከምስር ውስጥ ጠጠር ይለቀማል። የተለቀመ ነገር ከቦታው ይነሣል። የጊታር ክር ግን ተነክቶ፣ ተርገብግቦ፣ እዚያው ይቀራል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሁለቱንም ይላል፤ የእኛ «ለቀመ» ግን ለክር ተብሎ አያውቅም። ቡና አብቃይ አገር ላይ ቃሉን ከሥራው አፈናቅሎ ለሙዚቃ መስጠት ሁለቱንም ማደብዘዝ ነው።

«ጣታዊ ስልት» ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። ጣት የማይሠራበት የጊታር አጨዋወት የለም። ቀኝ እጅ ፒክ ቢይዝም የግራ እጅ ጣቶች አንገቱ ላይ ክር ይጫናሉ። ስለዚህ «ጣታዊ» የሚለው ቅጽል አንዱን ስልት ከሌላው አይለይም። ጣቱ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን ግሥ ነው የጎደለን።

ግሡም ደረደረ ነው። በገና ይደረደራል፤ ባለሙያውም በገና ደርዳሪ ይባላል። ዓለሙ አጋን ስናነሣ ሳናስበው አፋችን ላይ የሚመጣው ይኸው ቃል ነው። የበገናን ጅማቶች በግራ እጅ ጣቶች አንድ በአንድ እየነኩ፣ እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ እየነዘረ የሚሰማውን ያን ከባድ ድምፅ የሚያወጡበት ሥራ መደርደር ነው። ክራርም ይደረደራል፤ እንዲያውም ነገሩ በግልጽ የሚታየው ክራር ላይ ነው። የክራር ተጫዋቾች ሁለት ስልት ለይተው ያውቃሉ፣ ግርፍና ድርድር።

በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ መምቻውን ይዞ አምስቱንም ወይም ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ ይገርፋል። የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ ጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቁታል። ዜማው የሚወጣው ከሚለቀቀው ክር ነው። በድርድር ጊዜ ግን መምቻው ይቀመጥና ጣቶቹ ራሳቸው ክር እየመረጡ ይነካሉ። ጊታር ላይ በፒክ ሁሉንም ክር ጠርጎ መምታትና በጣት አንድ በአንድ መጫወት የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ክራር ሠርቶ ያስቀመጠልንን ጥንድ ቃል ጊታሩ ላይ ብናውለው ሁለቱም ስልቶች በአንድ ጊዜ ስም ያገኛሉ። ፒኩ ግርፍ ይሆናል፤ ጣቱም ድርደራ።

የቃሉን አሠራር ልብ በሉ። አማርኛ እየተመላለሰ የሚሠራ ነገርን ሲገልጽ ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ወስዶ ይደግማል፤ ነቀነቀ፣ ቀጠቀጠ፣ ወዘወዘ፣ ነሰነሰ። ደረደረም ከእነዚህ ወገን ነው። ጡብ የሚደረድር ሰው አንዱን ካንዱ ቀጥሎ በተራ ያኖራል፤ የመጽሐፉን ማስቀመጫ መደርደሪያ ያልነውም ለዚህ ነው። በጣት የሚጫወትም ሰው ድምፅን ከድምፅ ቀጥሎ በተራ ያኖራል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ እንደገና አውራ ጣት፣ መሃል ጣት። መመላለሱም ተራ መያዙም በአንድ ግሥ ውስጥ አሉ። «ፊንገርስታይል» ራሱ ይህን ያህል አይናገርም።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ሊመለስ ይገባዋል። አንደኛው «ድርድር ዛሬ የፖለቲካ ቃል ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ድርድር ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚታየው ሁለት ወገን ጠረጴዛ ከብቦ ነው። ለዚህም ነው ለጊታሩ «ድርድር»ን ሳይሆን «ድርደራ»ን የመረጥሁት። ሰዋስዉም ይረዳናል፤ ስለ ሰላም የሚነጋገረው ተደራዳሪ ነው፣ ክር የሚነካው ደርዳሪ ነው፤ ማንም አያምታታቸውም። ሁለተኛው ተቃውሞ የአክብሮት ነው። በገና የመንፈሳዊ መዝሙር መሣሪያ ነው፣ በተለይም በዐቢይ ጾም ይሰማል፤ ቃሉን ለጊታር መስጠት ማርከስ አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ ቃሉ ድንበሩን ከተሻገረ ቆይቷል። ክራር የፍቅርና የጨዋታ መሣሪያ ነው። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁም ሆኑ ካሳ ተሰማ ዘፈናቸውን ያጀቡት በእርሱ ነው፤ ይህም ክራር መደርደር ከመባል አልከለከለውም።

ክራርን የሚያውቅ ሰው ወደ ጊታር ሲመጣ የሚያገኘው አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። እነዚህን በቅደም ተከተል ብናስቀምጣቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ፤ ከሶል የተነሣ ትዝታ ሜጀር ማለት ነው። ግራ እጅ ምንም ክር ሳይጫን፣ ቀኝ እጅ ብቻውን ክሮቹን ቢደረድር የሚሰማው ሁሉ ከትዝታ ቅኝት አይወጣም። ጀማሪ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ብቻ ቢያሳልፍ አይከስርም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ፤ ቃል የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነገር እዚህ ነው። ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን ጊታር አገሩ ሁሉ «ቦክስ ጊታር» ይለዋል፤ ቃሉ ገብቶ ተላምዷል፣ ይቆይ። ከቦክስ ጊታሮች መካከል ለድርደራ የሚመረጠው አካሉ አነስ ያለው ነው። ሱቅ ገብቶ «ትንሽ ጊታር» ያለ ሰው ግን የልጆች ጊታር ያወርዱለታል። የልጆቹ አንገቱም ክሩም ያጠረ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ሙሉ አንገት ኖሮት የድምፅ ሳጥኑ ብቻ ያነሰውን ነው። የክራርና የበገና ሠሪዎች የድምፅ ሳጥኑን ገበቴ ይሉታል። ስለዚህ «ባለ ትንሽ ገበቴ ጊታር» ብንል ያነሰው የትኛው ክፍል እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ለምን ትንሽ ገበቴ? በየሱቁ የሚበዛው ትልቁ ቅርጽ ድሬድኖት ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1906 ባሕር ላይ ከወረደው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የመጣ ነው፤ ቅርጹን ከአሥር ዓመት በኋላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1833 የተመሠረተው የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ማርቲን ነው። የድሬድኖት ገበቴ በሰፊው በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው ኦኤም የሚባለው ቅርጽ 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት አለው፤ ከዚያም የሚያንሱ አሉ። ትልቁ ገበቴ ለግርፍ ነው። በፒክ ኃይል ሲመታ ይጮኻል፣ ወፍራሙም ድምፅ ክፍሉን ይሞላል። የጣት ጫፍ ግን የፒክን ያህል ጉልበት የለውም፤ ትልቁ ገበቴ ላይ የአውራ ጣቱ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ዜማ ይውጠዋል። ትንሹ በጥቂት ጉልበት ይነቃል፣ የስድስቱንም ክር ድምፅ አቀራርቦ ያወጣል፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለሚጫወትም ጭኑ ላይ በልኩ ያርፋል። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት አጥንት ስፋትም ይታይ፤ 43 ሚሊ ሜትር ከሆነች ጣት ይጣበባል፣ 44 ተኩል ስትሆን እፎይ ይላል። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር 52 ሚሊ ሜትር ስላለው ወፍራም ጣት ላለው ሰው መልካም ነው። እርሱ ላይ የብረት ክር አትወጥሩ፤ ውጥረቱ ፊቱን ይነቅለዋል።

በአፍሪካ ድርደራን ታላቅ ያደረጉ ሰዎችም ከእኛ ሩቅ አይደሉም። የኮንጎው ዣን ቦስኮ ምዌንዳ እ.ኤ.አ. በ1952 ሂዩ ትሬሲ በቀዳው «ማሳንጋ» ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ የሠራውን የሰማ፣ ሁለት ጣት ምን ያህል እንደሚበቃ ያውቃል።

ጅማ ላይ ጊታር የሚገዛ ሰው ስለ እርጥበትም ማሰብ አለበት። አብዛኛው ሰው የሚገዛው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ነው፤ ከዚያ መሣሪያው የጊቤን ሸለቆ ሙቀት አቋርጦ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዝናብ ወደሚበዛበት አገር ይገባል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጊታር እንጨት የሚስማማው የአየር እርጥበት ከመቶ 45 እስከ 55 ነው። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ጀንፈል አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ማታ ሸፍኖ፣ ጠዋት ገልጦ የሚያደርቅ ገበሬ ቡናው ከመጠን በላይ ቢረጥብ እንደሚሻግት፣ ከመጠን በላይ ቢደርቅ እንደሚሰባበር ያውቃል፤ ጊታሩም እንደዚያው ጥበቃ ይፈልጋል። በክረምት ከሳጥኑ ሳይወጣ አይክረም፣ በበጋም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግድግዳ ላይ አይሰቀል። ፊቱ ከተነባበረ ሳንቃ የተሠራው ይህን አየር ይበልጥ ይችላል፤ ድምፁ ግን ፊቱ ከአንድ ወጥ እንጨት ከተሠራው ያንሳል።

የጅማ ቡና ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ ቋንቋ ያለኝን ክርክር የሚደግፍልኝም እርሱ ነው። ዓለም ቡናን «ዎሽድ» እና «ናቹራል» ብሎ ይከፍላል። እኛ የታጠበና ያልታጠበ አልን። ሊሙ በታጠበው፣ ጅማም ባልታጠበው ታወቀ፤ ከገበሬው እስከ ላኪው በእነዚህ ቃላት ይገበያያል፣ የተቸገረ የለም። ማንም ዎሽድን ወስዶ ግማሹን አልተረጎመም። ቡናው የእኛ ስለሆነ ቃሉንም የራሳችን ለማድረግ አልፈራንም። ክር መንካትም የእኛ ነው፤ ከበገና እስከ ክራር ያካበትነው ሙያ ነው። ጊታር፣ ፒክ፣ ካፖ የመሣሪያና የዕቃ ስሞች ናቸው፣ ከነዕቃቸው ይግቡ፤ በጣታችን የምንሠራውን ሥራ ግን በራሳችን ግሥ እንጥራው። ጅማ ላይ አማርኛ ከአፋን ኦሮሞ ጋር ጎን ለጎን ይነገራል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው የራሱን ቃል ከራሱ ቋንቋ ያወጣል፣ እኔ የምናገረው ስለ አማርኛው ብቻ ነው።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። የጊታር ወረቀቶች ላይ የቀኝ እጅ ጣቶች በስፓኝ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ይጻፋሉ፤ ፒ፣ አይ፣ ኤም፣ ኤ እየተባለ ይሸመደዳል። እኛ አውራ፣ ሌባ፣ መሃል፣ ቀለበት የሚሉ ስሞች አሉን፤ አ፣ ሌ፣ መ፣ ቀ ብለን ብንጽፍ ተማሪው ፊደሉን አይቶ ጣቱን ያውቀዋል። አውራው ሦስቱን ወፍራም ክሮች ይይዛል፣ ሌባው ሦስተኛውን፣ መሃሉ ሁለተኛውን፣ የቀለበቱ አንደኛውን። አ-ሌ-መ-ቀ፣ አ-ቀ-መ-ሌ እያሉ መለማመድ ይቻላል።

ጊታር የምታስተምሩ፣ ወረቀታችሁ ላይ «የጣት ለቀማ»ን ሰርዙና «ድርደራ» ብላችሁ ጻፉ። መሣሪያ የምትሸጡ፣ «የድርደራ ጊታር፣ ባለ ትንሽ ገበቴ» ብላችሁ ለጥፉበት፤ ገዢው ምን እንደሚይዝ ይወቅ። ልትገዙ የምትሄዱም ሱቅ ውስጥ ሁሉን ክር በመግረፍ ብቻ አትወስኑ። ተቀመጡ፣ አውራ ጣታችሁን ወፍራሙ ክር ላይ፣ የቀለበት ጣታችሁን ቀጭኑ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ደርድሩ። ቀጭኑ ክር ከወፍራሙ እኩል ከተሰማችሁ ግዙት።