የሚጠብቅም የሚጎዳም ሕዋስ፦ የጁዲት ካምፒሲን ሥራ እንደገና ማንበብ

በጃንዋሪ 2024 ያረፉት አሜሪካዊቷ የሞለኪውል ባዮሎጂ ተመራማሪ ጁዲት ካምፒሲ በተነሡ ቁጥር አንድ ዓይነት ትረካ ይከተላል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 ያረጁ ሕዋሳትን በማቅለሚያ ለዩ፤ በ2008 ሕዋሳቱ ምን ምን እንደሚያመነጩ ዘረዘሩ፤ በ2011 ደግሞ በማዮ ክሊኒክ የያን ቫን ዶርሰን ቡድን ሕዋሳቱን ከአይጥ ገላ አስወግዶ ነገሩን ከዳር አደረሰው ይባላል። በዚህ ትረካ አልስማማም። መድረሻውን ማስወገድ ስላደረገ፣ ካምፒሲ ብዙ የደከሙበትን፣ አንዱ ሕዋስ እንዴት ይጠብቃልም ይጎዳልም የሚለውን ጥያቄ መንገድ ላይ ጥሎት ሄዷል።

መነሻው ላይ ሙግት የለኝም። ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 ከፊላደልፊያው ዊስታር ኢንስቲትዩት ባወጡት ጥናት፣ ከሰው የተወሰዱ ጤናማ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ 50 ጊዜ ያህል ተከፋፍለው እንደሚቆሙ አሳዩ፤ «ያረጁ» የሚባሉት እንዲህ መከፋፈል ያቆሙት ሕዋሳት ናቸው። በክሮሞሶም ጫፍ ያለው ቴሎሜር ማጠሩ ኋላ ምክንያቱን አብራራው። ይህ የታወቀ ነው።

የ1995ቱ ጥናት ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። የካምፒሲ ቡድን ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ፒኤች 6 ላይ ሲፈተሽ ያረጁ ሕዋሳት ሰማያዊ ቀለም እንደሚይዙ አሳየ። ዘዴው ቀላል ስለሆነ በየቤተ ሙከራው ተለመደ። በ2006 ሌላ ቡድን ይህ ኢንዛይም በዘር ከጎደላቸው ሕሙማን የተወሰዱ ሕዋሳት ሰማያዊ ሳይሆኑ እንደሚያረጁ አረጋገጠ። ቀለሙ እንግዲህ ምልክት እንጂ መንስኤ አይደለም። ሰማያዊ ሕዋስ ቆጥሮ «እርጅናን ለካሁ» የሚል ጽሑፍ ዛሬም አለመጥፋቱ ይገርማል።

ችላ የተባለው ምንጭ አና ክርቶሊካ፣ ካምፒሲና ባልደረቦቻቸው በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። ጠቃሽ አላጣም፤ አስተውሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ ያረጁ የሰው ፋይብሮብላስቶችን (የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳትን) ከኤፒተሊያል (የሽፋን) ሕዋሳት ጋር አብረው አሳደጉ። ጤናማዎቹ ኤፒተሊያል ሕዋሳት ምንም አልተነሣሡም። ወደ ካንሰር ያዘነበሉትና ካንሰር የሆኑት ግን ተባዙ፤ አይጥ ውስጥ ሲገቡም ዕጢ ሆኑ። በቤተ ሙከራው ከፋይብሮብላስቶቹ ያረጁት 10 በመቶ ብቻ ሲሆኑ እንኳ መባዛቱ ታየ። ከዚህም በላይ፣ ፋይብሮብላስቶቹ በመከፋፈል ብዛት ቢያረጁ፣ ራስ በተባለው የካንሰር ዘረመል ቢያረጁ ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቢያረጁ ለውጥ አልነበረውም። ጥፋቱ ቢያንስ በከፊል ሕዋሳቱ ወደ ውጭ ከሚያወጡት ነገር የሚመጣ ነበር፤ የ2008ቱ ዝርዝር የዚህ ግኝት ልጅ ነው። ጆርጅ ዊልያምስ በ1957 በወጣትነት የሚጠቅም ዘረመል በእርጅና ሊጎዳ ይችላል ብለው ነበር። መከፋፈሉን በማቆም ከካንሰር የሚጠብቀን ሕዋስ የጎረቤቱን ካንሰር እንደሚመግብ ሲታይ፣ ይህ ሐሳብ በሕዋስ ደረጃ ጠንካራ ድጋፍ አገኘ።

የማዮው ጥናት ከዚህ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ወሰደ። ቶሎ እንዲያረጁ ዘረመላቸው በተለወጠ አይጦች ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን የሚሠሩ ሕዋሳት ሲወገዱ የስብ፣ የጡንቻና የዓይን ጉዳት ዘገየ። ዕድሜያቸው ግን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልረዘመም። በ2016 በተፈጥሮ ባረጁ አይጦች ሕዋሳቱ ሲወገዱ መካከለኛው ዕድሜ በሩብ ያህል መጨመሩን አልክድም። ሆኖም ሌላው ግማሽ፣ የሕዋሳቱ ጥቅም፣ ሳይመለስ ቀርቷል።

ያንን ግማሽ ማርኮ ዴማሪያ፣ ካምፒሲና ባልደረቦቻቸው በ2014 አሳዩት። የአይጥ ቆዳ በቆሰለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያረጁ ፋይብሮብላስቶችና የደም ሥር ሕዋሳት ቁስሉ ላይ ተገኙ። ሲወገዱ ቁስሉ ለመዘጋት ዘገየ፤ እነርሱ የሚያመነጩት ፒዲጂኤፍ-ኤኤ የተባለው ፕሮቲን ሲቀባበት ግን መዘግየቱ ተስተካከለ። ዕጢን የሚመግብ ሕዋስ እዚህ ቆዳ ይጠግናል።

«ቁስል ጊዜያዊ ነው፤ እርጅና ዘላቂ ነው» የሚል መልስ ይሰነዘራል። መድኃኒቱን የሚወስድ አዛውንት በዚያ ሰሞን እንደማይቆስል ማን ዋስ ይሆናል? ካምፒሲ ራሳቸው እነዚህን ሕዋሳት የሚያስወግድ መድኃኒት ለመሥራት ከተቋቋመው ዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ መሥራቾች አንዷ ነበሩ የሚለውም አያስኬድም፤ ኩባንያ መመሥረት የጥናትን ውጤት አይሽርም። የኩባንያው የጉልበት መድኃኒትም ቢሆን በ2020 በሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በዚያው ዓመት «ሴል ሜታቦሊዝም» ላይ የወጣ ጥናት ፒ16 የበዛባቸውን አንዳንድ ሕዋሳት ማስወገድ የአይጦችን ጤና እንደሚጎዳ አሳይቷል።

እርግጥ ከአይጥ የተገኘ ውጤት እንዳለ ለሰው አይወሰድም፤ ይህ ግን ለማስወገድ ደጋፊዎችም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው። ስላረጁ ሕዋሳት የሚጽፍ ሁሉ የ2011ን ጥናት ከመጥቀሱ በፊት የ2001ንና የ2014ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብ።