የቡናው ጭስ የማን ትዝታ ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገር ይዘን ከመጣናቸው ልማዶች ለአፓርታማ ኑሮ እጅግ የማይመቸው ቡና መቁላት ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ይጮኻል፤ እጣኑ ኮሪደሩን አቋርጦ ጎረቤት ይገባል። ሆኖም መስኮት እየተከፈተ፣ ከሰሉም በኤሌክትሪክ ምድጃ እየተተካ ልማዱ ዘልቋል። ምክንያቱ ምንድነው ቢባል ብዙዎቻችን ናፍቆት ነው እንላለን። በእኔ እምነት ግን ናፍቆት ልማዱን ባሕር አሻገረው እንጂ ሥር አላስያዘውም። ሥር ያስያዙት እዚሁ የተወለዱት ልጆች ናቸው።

ለዚህ ፍንጭ የሚሰጠን ሽታ ነው። የምናየውና የምንሰማው ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል። ሽታ ግን በዚያ ሳይዞር ከስሜትና ከትውስታ ጋር የተቆራኙትን የአንጎል ክፍሎች ያገኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ቃልና ሥዕል ይበልጡን ወደ አፍላ ዕድሜያቸው ሲመልሳቸው፣ ሽታ ግን ከ10 ዓመት በታች ወደነበሩበት ልጅነት እንደሚወስዳቸው አሳይቷል። እንግዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሲቆላ አጠገቡ የሚጫወት ሕፃን ትዝታውን የሚቋጥረው በጅማ ወይም በሐረር ሳይሆን በሜሪላንድ ነው። ለእናቱ የራቀችው አገር የሆነው መዓዛ ለእሱ የገዛ ሳሎኑ ነው።

«የቡና ሽታማ በየካፌው ሞልቶ የለም?» የሚል ይኖራል። የካፌው ሽታ ግን ከብዙ ቀንና ከብዙ ሰው ጋር ስለሚያያዝ አንዱንም ለይቶ አይጠራም። ቤት ውስጥ ምጣዱ በየሰዉ ፊት ሲዞር፣ እንግዳውም ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ሲስብ፣ መዓዛው ከሰዎች ጋር ይታሰራል። ሽታ የሚቀሰቅሰው ትዝታ ስሜቱ ይበረታል እንጂ ከሌላው ይልቅ ትክክል አይደለም የሚለው ሙግትም እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤተኝነት የፍርድ ቤት ምስክርነት አይደለም።

የሚከብደው ተቃውሞ የድካሙ ነው፤ ሥራ የዋለች እናት ብቻዋን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች። ይህ ድካም ካልተከፋፈለ ልማዱ ከእሷ ጉልበት ጋር ያልቃል። ስለዚህ ልጆቹን፣ ወንዶቹንም ጭምር፣ ከማሽተት አልፎ ማስቆላት ይገባል።